ሲዘረጋ ቀጥ፣ ሲጨበጥ ጥምዝ ያለው ጣቴ

የጣቶቼ እስር በተፈታ ቀን ግቢዬ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ወጌሻው አያ ይመር ከፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደምሴ ከወጌሻው በስተቀኝ ቆሟል፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል። ሚስቱ አስካለ ከኋላዬ ሆና ትከሻዬን ይዛለች። እንዳልወድቅ ነው አለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቴ ዘሃራ የአጥሩን በር ተደግፋለች። ደምሴ ከወረኢሉ ይዟቸው የመጣ ሁለት ሽማግሌዎች ባሕር ዛፉ ሥር ቆመዋል። ረጅሙ አቶ ካሣ ይባላሉ። የሌላኛውን ስም አልያዝሁትም፤ እሳቸውም ቀኑን ሙሉ «ልክ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ማን የት እንደቆመ የምጽፈው ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጡረታ እስክወጣ መካነ ሰላም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ምስክር ቃሉን ሲሰጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ማን እንደነበረና የት የት እንደነበሩ ነው፤ ምክንያቱም ነገር ሲበላሽ ሁሉም «እኔ አላየሁም» ይላል። በዚያ ቀን ግን ሁሉም አይተዋል። ያዩትንም በእልልታ አጽድቀዋል።

አያ ይመር ጨርቁን ፈቱ፤ የሸምበቆ ስንጥሮቹን አንድ በአንድ አነሡ። መዳፌን ወደ ታች አድርገው እጄን በነጭ ነጠላ ላይ አስዘረጉኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ሁለት የስንዴ አገዳ አወጡና አንዱን በቀለበት ጣቴ፣ አንዱን በትንሿ ጣቴ ላይ በርዝመቱ አጋደሙ። መመዘኛቸው ይህ ነው። አገዳው ከጣቱ ጋር ቀጥ ብሎ ከተኛ አጥንቱ ገጥሟል ማለት ነው። ሁለቱም አገዳዎች ቀጥ ብለው ተኙ።

«እንግዲህ እዩ» አሉ አያ ይመር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «ከእናቷ ሆድ እንደወጣች!»

አስካለ ጆሮዬ ላይ እልል አለች። አቶ ካሣ «ተመስገን» አሉ። ሌላኛው «ልክ ነው» አሉ።

እኔ እጄን አነሣሁና ልጨብጥ ሞከርሁ። ሁለቱ ጣቶች ደርቀዋል፤ በስንት ግድ ትንሽ ታጠፉ። ሲታጠፍ ግን የቀለበት ጣቴ ወደ መዳፌ አልመጣም። ወደ ጎን ሄዶ በመሐል ጣቴ ሥር ገባ። ትንሿም ተከተለችው።

«አያ ይመር፣ ይኸኛው ይጋደማል» አልኋቸው።

«የቱ?»

«የቀለበት ጣቴ። ስጨብጥ በመሐል ጣቴ ሥር ይገባል።»

«እስቲ ይዘርጉት።»

ዘረጋሁት።

«ቀጥ ብሏል» አሉ።

«ሲዘረጋማ ቀጥ ይላል። እኔ የምልዎ ስጨብጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይጨብጡታል እትዬ?» አለ ደምሴ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አያ ይመርም ሳቁ፤ ከዚያ አገዳዎቻቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ «ጣት እንደ እንግዳ በቅሎ ነው እመይቴ፤ ውሎ ሲያድር መንገዱን ያውቃል» አሉኝ።

ዘሃራ ብቻ አልሳቀችም። ከበሩ ተነሥታ መጣችና እጄን በሁለት እጇ ይዛ ጣቴን አጠፈችው። አየችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይህን የምጽፈው ጣት ትንሽ ነገር ነው ብለው ለሚንቁ ሰዎች ነው። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርሁ።

አደጋው የደረሰብኝ በራሴ ጥፋት ነው፤ ይህን አልሸፍንም። አንዲት ላም ነበረችኝ። ውኃ ላጠጣት ስወስዳት ገመዷን በቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ላይ ጠቅልዬ ያዝሁት። ከብት ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ እንደማይያዝ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን ብርድ ስለነበር እጄን ከነጠላዬ ሥር ላስገባ ብዬ ነው። ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲነፋ ላሟ ደንግጣ ሸሸች። ገመዱ ሁለቱን ጣቶቼን እርጥብ ልብስ እንደሚጨመቅ ጠምዝዞ ለቀቃቸው። ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። ገመድ በጣታችሁ ላይ አትጠቅልሉ። በመዳፍ ያዙት፤ ከጎተተም ልቀቁት። ከብት ጠፍቶ ይገኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድሁ። አግዳሚው ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀመጥሁ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት እጄ ወደ ታች ሲንጠለጠል እንደሚብስብኝ አየች መሰለኝ፣ የሻሿን ጫፍ ቀድዳ እጄን ከአንገቴ ላይ አንጠልጥላ አሰረችልኝ። የእሷ ተራ ደርሶ ገባች፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በዚያ ቀን ሕክምና የሰጠኝ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

እኔን ያየኝ ወጣት ከጠረጴዛው አልተነሣም።

«ይንቀሳቀሳል እማማ?»

«ትንሽ።»

«ከተንቀሳቀሰ አልተሰበረም። ወለምታ ነው።»

«ሲሰበር ሰምቼዋለሁ።»

«ጅማት ሲዞርም ድምፅ ያሰማል።» ይህን እያለ ወረቀቱን ጽፎ ጨርሷል። የራጅ መሣሪያው ከተበላሸ መሰንበቱን ነገረኝ፤ ተጠግኖ እንደሆነ ልጠይቅ ስመለስም የሚያውቅ አልነበረም። የማስታገሻ ክኒን ይዤ ወጣሁ። የተሰበረ አጥንት ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ያ ወጣት እስከ ዛሬ ያውቀው እንደሆነ አላውቅም።

ደሴ ልሂድ ብዬ ነበር። ያን ሳምንት መንገዱ ተዘጋ፤ ይከፈታል ሲባል ደግሞ ተዘጋ። መንገዱ ሳይከፈት ደምሴ ወሬውን ሰማና በእግርም በምንም ብሎ ደረሰ። ብቻውን አልነበረም። በከላላ በኩል ዞሮ አያ ይመርን በበቅሎ ይዟቸው መጥቷል።

አያ ይመርን አላማም። የእግር አጥንት ያውቃሉ። የቅልጥም ስብራት ገጥመው ዛሬ ተራራ የሚወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ጣት ግን ቀጭን የቅልጥም አጥንት መሰላቸው። እኔም ይህ ልክ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ሽማግሌ ሰው በእኔ ምክንያት ሁለት ቀን በበቅሎ ተንገላቶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ «እስቲ እጅዎን» ሲለኝ፣ አይሆንም ብዬ ከደጄ እንዴት እመልሰዋለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ስንት የሐኪም ማስረጃ በእጄ አልፏል፤ እጄን ግን ለይሉኝታ ሰጠሁ። ይሉኝታ አጥንት አይገጥምም።

ቅቤ ቀቡኝ፣ ሳቡ፣ በሸምበቆ አሰሩ። ሁለቱን ጣቶች ቀጥ አድርገው ከመሐል ጣቴ ጋር ጠፍረው ሃያ አንድ ቀን እንዳላንቀሳቅስ አዘዙኝ። ሕመሙን አልጽፈውም፤ የተሰበረበት ሁሉ ያውቀዋል።

አስካለ ልታስታምመኝ ቀረች። እዚህ ላይ የምጽፈው ለአንዳንዱ ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ቀኝ እጁ የታሰረ ሰው በአገራችን ከገበታ ተሰናበተ ማለት ነው። ግራ እጅ ወደ ገበታ አይዘረጋም። ስለዚህ አስካለ ታጎርሰኝ ነበር። ጉርሻ ከፍቅር ሲሆን ጥሩ ነው። ቀን በቀን፣ ቁርስ ምሳ ራት፣ በሰው ፊት፣ መጠኑን እሷ እየወሰነችው ሲሆን ግን ሌላ ስም አለው። አፌ ሳይከፈት እጇ ይደርሳል። አፌን ከሞላችው በኋላ «እትዬ፣ ጨው በዛበት እንዴ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ራሴን ስነቀንቅ «ተስማምቷታል» ብላ ለመጣው ሰው ትናገራለች። ሰው ሲወጣ ደግሞ በበሩ ላይ ድምፅዋን ቀንሳ «አቅም አጥታለች፣ እንደ ሕፃን ነው የማጎርሳት» ስትል እሰማ ነበር። ጆሮዬ አልተሰበረም።

ማንኪያ ስጪኝ ብያት ነበር። «ምን ሲባል! እኔ እያለሁ?» አለችኝ።

እስሩ ወደተፈታበት ቀን ልመለስ። እልልታው ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡ ተገለጠ። ደምሴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ለእነሱ እንጂ ለእኔ ሳይሆን፣ «እንግዲህ እትዬ ልጅ የላትም፤ ወንድሜም አረፈ። በዚህ እጅ ብቻዋን ልትኖር አትችልም። ወረኢሉ እኔ ዘንድ ትሁን። ቤቱን ደግሞ ደህና ተከራይ አግኝቼለታለሁ» አለ።

«ልክ ነው» አሉ ስማቸውን ያልያዝሁት።

በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጄ እንደ ተወለድሁበት ቀን ድኗል ተባለ፤ ብቻዬን ለመኖር የማይበቃ ነውም ተባለ። ሁለቱንም የፈረዱት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ፍርድ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ ስሕተት መሆኑን ለማሳየት ወረቀት አጣጥፌ እመልስ ነበር። እነዚህን ሰዎች አጥፌ የምመልስበት አልነበረኝም።

«ቤቴን የምለቅበት ምክንያት አልታየኝም» አልሁ።

አቶ ካሣ የማስታረቅ ነገር እንደሚወዱ ያስታውቃሉ። መሐል ገቡ። «እንዲህ ይሁን። እመይቴ ከገበታ ላይ በራሳቸው እጅ ቆርሰው የሚበሉ ከሆነ ማን ምን ይላቸዋል? ያን ቀን በቤታቸው ይኑሩ። እስከዚያ ግን ደምሴ ይጡራቸው። ይህ ፍርድ ነው።»

«እሺ» አልሁ። ደምሴም እሺ አለ። ሊጨበጥ ያልቻለውን ጣቴን አይቶ ነው እሺ ያለው። እኔ ደግሞ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወረኢሉ ከመሄዴ በፊት መታከሚያ ጊዜ። ሰጡኝ።

መጀመሪያ የሄድሁት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ራጅ ነበራቸው። እጄን ዘርግቼ የራጁ ሰሌዳ ላይ አስቀመጥሁ፤ ከላይ አንድ ጊዜ አነሡኝ። ባለሙያው ፊልሙን ወደ መስኮት አንሥቶ «በጣም ጥሩ ገጥሟል፤ ማን ነው ያሰረልዎት?» አለኝ።

«ስጨብጥ ይጠመዘዛል።»

«እዚህ ላይ ቀጥ ብሏል እኮ።» ፊልሙን አሳየኝ።

«ፊልሙ አይደለም የሚበላልኝ» አልሁት። ቀና ብሎም እጄን አላየም። አያ ይመር በስንዴ አገዳ ያደረጉትን እሱ በመብራት አደረገው፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ደሴ አብራኝ የሄደችው ዘሃራ ናት። ስንነሣ ደምሴ ስልክ ደወለ። ደሴ ያሉት ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ስብራት እንደገና ቆርጠው ብረት ያስገባሉ ሲባል ከሰው ሰምቷል።

«እትዬ፣ የተገጠመ አጥንት መልሶ ማሰበር ምን የሚሉት ነው? ደግሞ ብረት! ከነብረትዎ ሊቀበሩ ነው?»

ድምፁ ከስልኩ ይወጣ ነበርና ዘሃራ ሰምታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «አንተ ልጅ፣ መቃብሩ ላይ ምን አስቸኮለህ? አላህ ያላለውን!» ብላ ዘጋችው። ከአቀስታ እስክናልፍ ድረስ ብቻዋን እየሳቀች ሄደች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለት ቀን ጠበቅን። የስብራት ተረኞች የሚቀመጡበት ኮሪደር ረጅም ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ነገሩን ወደ ላይ ይዞ ይቀመጣል፤ ክንዱን፣ እግሩን። ሁሉም አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። እኔን የጠየቀኝ አንድ ገበሬ እግሩ በጀሶ ተጀቡኗል። «ምን ሆነው ነው?» አለኝ። «ጣት» አልሁት። «ጣት ብቻ?» አለኝ፤ አዘነልኝ እንጂ አልናቀኝም ብዬ ልመን።

ሐኪሙ አርባ ዓመት አይሞላውም። ራጁን ስዘረጋለት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «መጀመሪያ ይጨብጡልኝ» አለኝ።

በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጨበጥሁ። ጣቴ ወደ ተለመደው ቦታው ገባ።

የራሱን እጅ አጥፎ አሳየኝ። ጤነኛ እጅ ሲጨበጥ የጣቶቹ ጫፍ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ፣ ከአውራ ጣት ሥር ወደ እጅ አንጓው ያመለክታል። አጥንቱ በመጠምዘዝ ከተሰበረና ዞሮ ከገጠመ፣ ሲዘረጋ ምንም አያስታውቅም፤ ሲታጠፍ ብቻ ነው ጉዱ የሚወጣው። ከዚያ ራጁን ከላይም ከጎንም አስነሣኝ። ያየው ሁለቱም አጥንቶች ዞረው መያዛቸውን ነው።

«ምን ይደረጋል?» አልሁ።

«አጥንቱ እንደገና ተቆርጦ ይቀናል። ከዚያ ፕሌት የሚባል ስስ ብረት እናስርበታለን። ይህን የሚያህል» ብሎ የትንሽ ጣቱን ጥፍር አሳየኝ፤ «ትንሽ ረዘም ይላል። በብሎን ይያዛል።»

«ይድናል?»

«ጣቱ አቅጣጫው ይስተካከላል። መታጠፉ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። በዕድሜዎ፣ ደግሞ ረጅም ጊዜ ታስሮ ስለቆየ፣ ጅማቱ ይጣበቃል። ቁስሉ ሊያመረቅዝም ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ የእርስዎ ነው፤ ያማል።»

ያመንሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ያዩኝ ሁሉ ድነሻል እያሉኝ ነበር።

የስምምነት ወረቀት ላይ የሚፈርም ሲፈለግ ጽሕፈት ቤቱ ያለው ሰው ዙሪያዬን ተመለከተ። «ወንድ ዘመድ የለም?»

«ጣቱ የማን ነው?» አልሁት።

«አይ፣ ለደንቡ ነው እናቴ።»

«የትኛው ደንብ? ቁጥሩን ንገረኝ።»

ቁጥሩን አላወቀውም። በግራ እጄ ፈረምሁ። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ፊርማ መሰለ፤ ግን ፊርማዬ ነው።

ቀዶ ጥገናው የተደረገው ክንዴን ብቻ አደንዝዘው ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ነቅቼ ነበር። የአናጢ ቤት ድምፅ ሰማሁ፤ ትንሽ መሰርሰሪያ፣ ከዚያ ዝምታ። ሐኪሙ ረዳቱን «ይኸኛው ረዘመ፣ አጭሩን ስጠኝ» ሲለው ሰማሁ። የብሎኑን ርዝመት ሁለት ጊዜ ለካ። ሥራውን የሚለካ ሰው ሳይ ልቤ ያርፋል፤ ሌላ ምንም ማለት አልፈልግም። ዘሃራ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። ሲያወጡኝ «አብሽሪ፣ አለቀ» አለች፤ እሷም እያለቀሰች ነበር። እንዳላየሁ ሆንሁ።

ማደንዘዣው ሲለቅ ክንዴ በሙሉ እሳት ነበር። ሁለት ቀን በደንብ አልተኛሁም። ፍርሃቴ ከሕመሙ ይልቅ ሌላ ነበር፤ ይህን ሁሉ ሆኜ ደግሞ ሳይጨበጥ ቢቀርስ?

በአምስተኛው ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጣች፤ የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ የሚመልሱት ናቸው። ፋሻውን ፈትታ «አሁን ያንቀሳቅሱት» አለችኝ።

«በአምስት ቀን? ሃያ አንድ ቀን አይደለም?»

«ብረቱ ለምን ገባ ታዲያ እማማ? አጥንቱን እሱ ይዞታል። እርስዎ ጅማቱን ካላንቀሳቀሱት ይጣበቃል።»

«እማማ አትበይኝ። እናትሽ አይደለሁም።»

«ማን ልበልዎ?»

«ወይዘሮ ተዋበች።»

«ወይዘሮ ተዋበች፣ ያጥፉት።»

ያች ልጅ ጨካኝ ነበረች። በቀን ስድስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን አንጓ ለብቻው፣ ከዚያ አንድ ላይ። ስደክም «ዛሬ ሰነፉ ወይዘሮ ተዋበች» ትለኛለች። ስሜን እንደ ወቀሳ ነበር የምትጠራው። ከእሷ በፊት ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ሩኅሩኆች ነበሩ፤ ያተረፍሁት ከእሷ ነው።

ለስድስት ሳምንት ያረፍሁት ደሴ፣ በዘሃራ እኅት ቤት ነው። ይህች ሴት ከዚያ በፊት አታውቀኝም። በመጀመሪያው ምሳ ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበሉ፣ ለእኔ ምስሩን በጎድጓዳ ሳህን፣ እንጀራውን ቆራርሳ፣ ማንኪያ ጨምራ ግራ እጄ አጠገብ አስቀመጠችው። አልጠየቀችኝም፤ አላዘነችልኝም፤ ወሬዋንም አላቋረጠችም። ስለ ልጇ ትምህርት ቤት እያወራች ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነገር ለአስካለ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ያልታያት መሆኑ ነው። ከዚያ ይልቅ ታይቷት ይሆናል ብዬም አስባለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት የቀለበት ጣቴ ወደ መዳፌ ሊደርስ አንድ ጣት ያህል ቀረው። ቀጥ ብሎ ይታጠፋል፤ ማንም ሥር አይገባም። ትንሿ ሙሉ በሙሉ ደርሳለች። በብርድ ጠዋት ይደርቃሉ፤ ብረቱም እንደሚቀዘቅዝ ይሰማኛል። ሐኪሙ ካላስቸገረኝ ይቀመጥ አለ። ይቀመጥ።

ደሴ ሳለሁ የመጨረሻውን ቀጠሮ ስጨርስ ደምሴ ሊወስደኝ መጣ። ወረኢሉ ደርሰን ምሳ በልተን እንነጋገራለን አለ። ሄድሁ። የተስማማሁበት ነገር ነበርና በፊታቸው ልጨርሰው ፈለግሁ።

ገበታው ቀርቧል። አቶ ካሣ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ልክ-ነው ያሉት ከጎናቸው አሉ። አስካለ አጠገቤ ተቀመጠች። ውኃው ዞሮ እጃችንን ታጠብን። አስካለ ወዲያው እንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ አነሣች።

«አስቀምጪው» አልኋት።

«እትዬ፣ አይጨነቁ፣ እኔ…»

«አስቀምጪው አልሁሽ።»

እጇ በአየር ላይ ቀረ። እኔ በቀኝ እጄ ከፊቴ ቆረስሁ። ወጡን ጠቀስሁ፤ ጠቀለልሁ፤ በላሁ። ጣቶቼ እንደ ድሮው ፈጣን አልነበሩም፤ ነገር ግን አንዱም ከመስመሩ አልወጣም። ደግሜ ቆረስሁ። አስካለ የጠቀለለችውን ጉርሻ ለማን እንደምትሰጠው ግራ ገብቷት ቆየች፤ በመጨረሻ ራሷ በላችው።

አምስት ስድስት ጊዜ ከቆረስሁ በኋላ ደምሴ ሳቅ አለ።

«ጎሽ እትዬ! እሰየው! ግን እኮ መብላትማ ሕፃንም ይበላል። ውኃ ማን ይቀዳልዎታል? እንጨት ማን ይፈልጥልዎታል? ተከራዩ ሰውዬ ደግሞ ቤቱን ይጠብቃል፤ ቃል ገብቼለታለሁ።»

ወደ አቶ ካሣ ዞርሁ። «አቶ ካሣ፣ ፍርዱ የእርስዎ ነበር። በገዛ እጇ ቆርሳ ከበላች በቤቷ ትኑር ብለዋል።»

አቶ ካሣ ወጡን አዩ። ወጡ ውስጥ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ቆዩ።

«ያን ጊዜ ነገሩ እንደዚያ ነበር» አሉ። «አሁን ደግሞ… ቤተሰብ ነው፣ ተመካክሮ ቢሆን…»

«ልክ ነው» አሉ ሌላኛው።

የሚበቃኝን ያህል በላሁ። አልቸኮልሁም። ከዚያ ተነሥቼ እጄን ታጠብሁ፤ በአንድ ፎጣ አደረቅሁት።

«ደምሴ፣ ለሰውየው ደውለህ ቤቱ አይከራይም፣ ባለቤቷ ትገባበታለች በለው» አልሁ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው? ዛሬ መኪና የለም እኮ!»

«እንዴ፣ ቅር ብሏት ነው?» አለች አስካለ ለአቶ ካሣ።

ነጠላዬን አጣፋሁ፤ ጫማዬን አደረግሁ፤ ወጣሁ።